ቀልድን በአራት ሳጥን መሳል፦ ለጀማሪ ካርቱኒስት የተዘጋጀ መመሪያ

በተከታታይ ሳጥኖች የሚሳል አስቂኝ ካርቱን፣ ብዙዎች ኮሚክ ስትሪፕ የሚሉት፣ ከውጭ ለሚያየው የሥዕል ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ቁጭ ብሎ ለሞከረው ሰው ግን ዋናው ሥራ ጊዜን መደልደል መሆኑ ወዲያው ይገለጥለታል። አንባቢው ምን እንደሚያውቅ፣ መቼ እንደሚያውቅና ከማወቁ በፊት ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚወስነው ሠዓሊው ነው፤ ሳቁም የሚመነጨው ከዚሁ ውሳኔ ነው። «እጄ አይስልም» ብሎ ወደ ኋላ የሚል ሰው ሁሉ ይህን እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ፤ አምሮ ተስሎ ጊዜው የተበላሸበት ካርቱን አያስቅም፣ በጥቂት ሻካራ መስመሮች ተስሎ ነገሩን በትክክለኛው ቅጽበት የሚገልጥ ግን ያስቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል ለሚስል፣ የሌሎችንም ሥራ አጣጥሞ ማንበብ ለሚሻ ሰው ነው።

የጥበቡ አጀማመር ራሱ ለአማተር ሠዓሊ ትልቅ ማበረታቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስዊስ ከተማ በጄኔቭ ይኖር የነበረው ሮዶልፍ ቶፕፈር የሠዓሊ ልጅ ነበር፤ የአባቱን ሙያ ለመከተል ቢመኝም የዓይን ሕመም ስለከለከለው መምህር ሆነ፣ አዳሪ ትምህርት ቤትም ከፈተ። በትርፍ ጊዜው ለተማሪዎቹና ለወዳጆቹ መዝናኛ ብሎ በሳጥን ከፋፍሎ፣ ከሥራቸው ጽሑፍ እየጨመረ የሚጭራቸው ሥዕሎች ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ ዘንድ ደርሰው ተወደዱለት፤ የመጀመሪያው ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1833 ታተመ። የዛሬው ተከታታይ ካርቱን አባት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ ሰው ነው።

ቶፕፈር እ.ኤ.አ. በ1845 ስለ ፊት ገጽታ ባሳተመው ድርሰት ያስረዳው አንድ ሐሳብ ዛሬም የመጀመሪያው ልምምድ ሊሆን ይገባል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው ምንም ሳይጠነቀቅ አንድ ፊት ቢጭር፣ ያ ፊት የግድ አንድ ዓይነት ጠባይና ስሜት ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ፊትን መሳል የሚማረው ደጋግሞ በመጫርና የወጣውን በመመርመር ነው። ክብ ይሳሉ፤ ለዓይን ሁለት ነጥብ፣ ለአፍ አንድ አጭር መስመር፣ ለቅንድብ ሁለት መስመር ያድርጉ። ያንኑ ፊት አጠገቡ ደግመው ይሳሉና ቅንድቡን ብቻ ይለውጡ፤ በሦስተኛው ላይ ቅንድቡን ትተው አፉን ብቻ ይለውጡ፤ ገጹ እስኪሞላ ድረስ በዚህ ይቀጥሉ። ቅንድቦቹ ወደ አፍንጫው ሲያዘነብሉ ቁጣ፣ ወደ ጆሮ ሲያዘነብሉ ሐዘን ወይም ልመና፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ሲል ጥርጣሬ እንደሚታይ ያስተውላሉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ መስመር በላይ አለመለወጥ የልምምዱ ቁልፍ ነው፤ የትኛው መስመር የትኛውን ስሜት እንዳመጣ የሚታወቀው እንደዚያ ሲሆን ብቻ ነውና።

ከፊት ቀጥሎ የሚመጣው አካል ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛ ለሠዓሊ የተለየ ሀብት አለው። ክው አለ፣ ፍጥጥ አለ፣ ኩርምት አለ፣ ሽምቅቅ አለ፣ ድርቅ አለ፣ ኩፍስ አለ እያልን የምንናገራቸው ቃላት እያንዳንዳቸው የተሟላ የአካል አኳኋን ናቸው። ኩርምት ያለ ሰው ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ይገናኛል፤ ኩፍስ ያለ ልጅ ጉንጩ ተነፍቶ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፤ ክው ያለ ሰው ሊያነሣው የዘረጋው እጅ አየር ላይ ይቀራል። እነዚህን ቃላት በዝርዝር ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ፊት የሌለው ሰው በአምስትና በስድስት መስመር መሳል ከብዙ የአናቶሚ ትምህርት የበለጠ ለካርቱን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ዘጭ፣ ጓ፣ ጧ፣ ጠብ ጠብ የሚሉት ቃላት ከሥዕሉ ጋር አብረው በትልልቅ ፊደል ሲጻፉ አንባቢው ይሰማቸዋል፣ ስለዚህ ከሌላ ቋንቋ ካርቱን የድምፅ ቃል መዋስ አያስፈልግም።

ገጸ ባሕርይ ሲፈጥሩ በመጀመሪያ ሁለት ብቻ ይፍጠሩ፤ ጠባያቸው ካልተጋጨ ቀልድ አይወልዱምና አንዱ ችኩል ከሆነ ሌላው ዝግተኛ፣ አንዱ ሁሉን አዋቂ ነኝ ባይ ከሆነ ሌላው ጠያቂ ይሁን። እያንዳንዳቸውን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ስለው ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸው። መላ አካላቸውን በጥቁር ቀለም ቢሞሉት እንኳ ማን ማን እንደሆነ ከቅርጹ ብቻ መለየት አለበት፤ ካልተለየ ነጠላ፣ ባርኔጣ፣ ጎፈሬ ወይም የጎበጠ ጀርባ ይጨምሩላቸው። ቁመታቸው የጭንቅላታቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን በትንሽ ሳጥን ውስጥ ፊታቸው ጎልቶ ይታያል።

የሌሎችን ሥራ እንዴት ማንበብ እንደሚገባ

መሳል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቀስ ብሎ ማንበብን መልመድ አለበት፤ ተከታታይ ካርቱን በጥቂት ሰኮንድ ስለሚነበብ በውስጡ ያለው ድካም በቀላሉ ያመልጣልና። አንድ ካርቱን ሲያገኙ የመጨረሻውን ሳጥን በእጅዎ ሸፍነው ምን እንደሚሆን ይገምቱ፤ ከዚያ ገልጠው ግምትዎ ከየት ላይ እንደተሳተ፣ ሠዓሊው በየትኛው ሳጥን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደመራዎት ይመርምሩ። ቀጥሎ የንግግሩን ጽሑፍ ብቻ ሸፍነው ሥዕሉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር፣ በመጨረሻም ሥዕሉን ሸፍነው ጽሑፉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር ይዩ። ሁለቱም ብቻቸውን ሁሉን የሚናገሩ ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው፤ የተዋጣለት ሥራ የሚባለው ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ትርጉሙ የሚሞላው ነው።

ቃል ሳይኖር ቀልድ እንዴት እንደሚተረክ ለማየት ኤሪክ ኦዘር የተባለው ጀርመናዊ ኢ. ኦ. ፕላውን በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1937 በአንድ የበርሊን ሥዕላዊ ጋዜጣ ያወጣቸውን «አባትና ልጅ» የተባሉ ተከታታይ ሥዕሎች መመልከት ይበቃል። ራሰ በራና ጢማም የሆነው አባትና ጠጉሩ የቆመው ትንሽ ልጅ ያለ ንግግር ይተርካሉ፤ ማንኛውም አገር ያለ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይስቃል። አማተር ሠዓሊ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ጥቂቱን ያለ ቃል ቢሠራ፣ ንግግር የሚሸፍንለት ድክመት ስለማይኖር፣ ድርጊትን በግልጽ ማሳየት ቶሎ ይማራል።

በሌላው ጫፍ የአሜሪካዊው ቻርልስ ሹልዝ ሥራ ይገኛል። ሹልዝ ፒናትስ የተባለውን ካርቱን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2 ቀን 1950 እስከ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2000 ድረስ በራሱ እጅ ስሎ፣ የንግግሩንም ፊደል በራሱ እጅ ጽፎ 17,897 ሥራዎችን ትቶ አልፏል። በካርቱኑ ያሉት ልጆች ዓይናቸው ነጥብ ብቻ ነው፤ ሲጨነቁ ግን በነጥቦቹ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቅንፍ የሚመስሉ መስመሮች ይጨመራሉ፣ ጭንቀቱም በዚያች በሁለት መስመር ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከሁሉ በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ድግግሞሹ ነው። ሉሲ የምትባለው ልጅ፣ ቻርሊ ብራውን የተባለው ልጅ እንዲመታው ኳሱን ይዛ ትጠብቃለች፤ እሱ ተንደርድሮ ሲመጣ ኳሱን ታነሣበታለች፤ እሱም ተሽቀንጥሮ በጀርባው ይወድቃል። ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ እግር ኳስ ወቅት በመጣ ቁጥር ተደግሟል፤ አንባቢው መውደቁን አስቀድሞ ያውቃል። ታዲያ የሚያስቀው ምንድን ነው? ዘንድሮ ደግሞ በምን ዓይነት ምክንያት አሳመነችው የሚለው ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ቀልድ ሁልጊዜ ያልተጠበቀ ፍጻሜ እንደማያስፈልገውና የታወቀ ፍጻሜም መንገዱ አዲስ ከሆነ እንደሚያስቅ ነው።

ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ ማንበብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በረድፍ በረድፍ የሚተርኩት፣ ብዙዎቹም 44 ክፍል ያላቸው የሸራ ሥዕሎች በየሳጥናቸው የአማርኛ ጽሑፍ አላቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ ከፊት፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ከጎን መሳላቸው የታወቀ ነው። ካርቱኒስት ይህን ልማድ በደስታ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ተንኮል የሚያስብን ሰው በዚያ ሳጥን ብቻ ከጎን፣ አንድ ዓይኑን አፍጥጦ ቢስለው አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ቀልዱን መገንባት

ጀማሪ ከመጀመሪያው ሳጥን ተነሥቶ ወደ መጨረሻው መሄድ ይቀናዋል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ባዶ እጅ ያስቀራል። የመጨረሻውን ሳጥን አስቀድመው ይወስኑ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሱ «አንባቢው ይህ እንዲያስቀው ምን ማወቅ አለበት? ምንስ ማወቅ የለበትም?» ብለው ይጠይቁ። በአራት ሳጥን ሲሠራ ልማዱ የመጀመሪያው ቦታንና ሰውን ማሳወቅ፣ ሁለተኛው ነገሩን ማክረር፣ ሦስተኛው ማቆየት፣ አራተኛው መግለጥ ነው። ከአራቱ ከባዱ ሦስተኛው ነው፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ በንግግር ይሞላዋል፣ ልምድ ያለው ግን ባዶ ወይም ዝም ያለ ያደርገዋል። ያ ዝምታ አንባቢው ትንፋሹን የሚይዝበት ቦታ ስለሆነ በቀላሉ ሊባክን አይገባም።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ሠርተን እንይ። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ረዳት ባዶ ታክሲ ይዞ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ያልሰማ የለም፤ ቀልዳችን ከዚህ ይነሣል። በመጀመሪያው ሳጥን ረዳቱ ታክሲው ፊት ቆሞ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። በሁለተኛው አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ይዘው ሲሮጡ ይታያሉ፤ ረዳቱም «ማዘር ግቡ፣ ግቡ፣ ሞልቷል!» ይላል። በሦስተኛው ምንም ንግግር የለም፤ አሮጊቷ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው ባዶ ወንበር ተደርድሯል፣ ዓይናቸው ወደ ጎን ሸሽቷል። በአራተኛው ከኋላቸው ሆነን ወደ ፊት እናያለን፤ መሪው ብቻውን ቆሟል፤ እሳቸውም «ልጄ፣ የቀረው አንድ ሰው ሾፌሩ ነው እንዴ?» ይላሉ።

ቀልዱ እንዲሠራ የሚያደርጉት ጥቃቅን ውሳኔዎች ናቸው። የሾፌሩ ወንበር ባዶ መሆኑ ከአራተኛው ሳጥን በፊት መታወቅ የለበትም፣ መዋሸትም ግን አይገባም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳጥን ረዳቱ የፊቱን መስኮት በአካሉ ጋርዶ እንዲቆም እናደርጋለን፣ በሦስተኛውም አሮጊቷን ከፊት ለፊት ስለምናያቸው የምናየው ከኋላቸው ያለውን ብቻ ነው። የአገራችን ታክሲ መግቢያ በር በስተቀኝ ስለሆነ በሩ የሚታይበት ታክሲ አፍንጫው ወደ ገጹ ቀኝ ያመለክታል፤ ይህም ከንባቡ አቅጣጫ ጋር ስለሚስማማ የአንባቢው ዓይን ወደ ቀጣዩ ሳጥን ይገፋል። በመጨረሻው ንግግር ደግሞ «ሾፌሩ» የሚለው ቃል ወደ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ተገፍቷል። «ሾፌሩ የለም እንዴ? አንድ ሰው ቀረ ስትል እሱን ነው?» ቢባል ትርጉሙ ያው ሆኖ ሳቁ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ረዳቱ ሲደነግጥ ወይም ሌላ ሰው ሲስቅ የሚያሳይ አምስተኛ ሳጥን መጨመር የተገለጠውን ደግሞ ማብራራት ስለሆነ አይመከርም።

በዚህ ረገድ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለካርቱኒስት ታላቅ ስጦታ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር በአራት ሳጥን ተከፋፍሎ ትርጉሙ እስከ መጨረሻዋ ቃል ሊታገት ይችላል። አንድ ሠራተኛ ለጓደኛው ሲተርክ በየሳጥኑ «ትናንት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ»፣ «ፊት ለፊቱ ቆሜ»፣ «ደመወዜ ካልተጨመረ ብዬ» ቢልና ሥዕሎቹ ግዙፍ አድርገው ቢያሳዩት፣ አራተኛው ሳጥን በትክክለኛ ቁመቱ ፋይል አቅፎ አንገቱን ደፍቶ እያሳየው «ልጮኽበት ነበር» ይላል። እነዚያን ሦስት ሳጥኖች የሚያያይዛቸውና የሚገለብጣቸው አንዱ ግሥ ነው።

የአፍ ቀልድን ወደ ሥዕል ማምጣትም ጥሩ ልምምድ ነው። ስለ አለቃ ገብረ ሐና ከሚተረኩት መካከል፣ አህያ እየነዳች የምትሄድ ሴት አግኝተው «እንደምን አደራችሁ» አሏት የሚለው አለ። በአፍ ሲነገር ተራኪው «አደራችሁ» የሚለውን በድምፁ ይጫነዋል፤ ካርቱን ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ ክብደቱን ወደ ሥዕሉ ማዛወር ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ሳጥን አለቃ እጅ ነሥተው ሰላምታውን ሲሰጡ ሴትዮዋም አህዮቹም እኩል ዞር ብለው ቢያዩአቸው፣ በአራተኛው ንግግር ሳይኖር ሴትዮዋ ቅንድቧን ሰቅላ አህዮቹን ብትመለከትና አንዱ አህያ ጆሮውን አቁሞ በደስታ ቢታይ ብዙ ቁጥሩ ለማን እንደሆነ ዓይን ይነግረናል። ሌሎች የአለቃን ቀልዶች ሲሞክሩ አንዳንዶቹ በቃል ብቻ የሚኖሩ ሆነው ያገኟቸዋል፤ እነሱን ለተራኪ መተው ነው።

የቀልዱን ዒላማ በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ሰውን በአካል ጉዳቱ፣ በዘሩ ወይም በድህነቱ መሣለቂያ ማድረግ ለሠዓሊው የሚያቀልለት ለተሣለበት የሚያከብደው ነገር ስለሆነ መተው ይገባል። ጎረቤትን ወይም ዘመድን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ከመጣም መልኩንና ልብሱን ለውጦ ጠባዩን ብቻ መያዝ ይበጃል።

ወረቀት፣ ልክና ፊደል

መሣሪያው ቀላል ነው፦ ኤፎር ወረቀት፣ ኤችቢ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ውኃ የማያስለቅቀው ጥቁር ብዕር። ወረቀቱን አግድም ቢያስቀምጡት 297 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከግራና ከቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ኅዳግ ትተው፣ በሳጥኖቹ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢያደርጉ፣ እያንዳንዳቸው 63 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት እኩል ሳጥኖች ይወጣሉ። ዛሬ ግን አብዛኛው አንባቢ የሚያየው በስልክ ነው፤ ይህ ረድፍ በስልክ ስፋት ሲታይ ወደ ሩብ ስለሚያንስ 5 ሚሊ ሜትር የነበረ ፊደል ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ አይነበብም። ሳጥኖቹን ሁለት ከላይ ሁለት ከታች ቢደረድሯቸው ግን ስፋቱ 131 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ፊደሉ የሚያንሰው በግማሽ ነው። ፒናትስ ሲጀመር አራት እኩል ሳጥን የሆነውም ጋዜጦች እንደ ቦታቸው በአግድም፣ ወደ ታች ወይም በካሬ እንዲደረድሩት ታስቦ ነው፤ ዘዴው ዛሬም ለእኛ ያገለግላል።

የፊደል መጠን በአማርኛ ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሉንና ሊን፣ ቡንና ቢን የሚለያቸው የቅጥያዋ ቦታ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ካነሰ ወይም ብዕሩ ከወፈረ ይደባለቃሉ። ቃሎቻችንም ረጃጅሞች ናቸው፤ «አልነገርኳችሁም» ለሁለት መሥመር ተቆርጦ ሲጻፍ ያስጠላል፣ ስለዚህ የንግግሩን ፊኛ (ንግግሩ የሚከበብበትን መስመር) ስፋት የሚወስነው በውስጡ ያለው ረጅሙ ቃል ነው። በመጀመሪያ ጽሑፉን በእርሳስ መሥመር ላይ ይጻፉ፣ ፊኛውን በዙሪያው ይሳሉ፣ ሰዎቹን በተረፈው ቦታ ያስገቡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ይጨናነቃሉ። ቀድሞ የሚናገረው ሰው በግራ ይቁም፣ ፊኛውም ከፍ ይበል። በአንድ ፊኛ ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ቃል በላይ ከሆነ መቁረጥ የሚቻል ነገር መኖሩ አይቀርም።

ቀለም ሲያስገቡ በየሳጥኑ አንድ ቦታ ብቻ በጥቁር ይሙሉ፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ፣ በታክሲው ምሳሌ በአራተኛው ሳጥን ጥቁር መሆን ያለበት መሪው ነው። ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ እርሳሱን ያጥፉ። ስካነር ካለ በኢንች 600 ነጥብ ያንሡት፤ ከሌለ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ወረቀቱን ዘርግተው ስልኩን በትክክል ከላይ ይዘው ያንሡ፣ ከዚያ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት ይጨምሩ። በኮምፒውተር ማረም ለሚፈልግ ክሪታ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል።

ሥራው ሲያልቅ ስለ ቀልዱ አስቀድሞ ምንም ላልሰማ ሰው በዝምታ ይስጡትና ዓይኑን ይከተሉ። ከመጨረሻው ሳጥን በፊት ፈገግ ካለ ምሥጢሩ ቀድሞ ወጥቷል፤ የትኛው ሳጥን እንዳወጣው ፈልገው ይጋርዱት። መጨረሻ ላይ ደርሶ ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ ማወቅ የነበረበትን ነገር በጉልህ አላሳዩትም፤ ያንን ነገር በመጀመሪያው ሳጥን ትልቅ ያድርጉት። «ይሄ ማነው?» ካለ ችግሩ የገጸ ባሕርዩ ቅርጽ ነው። ካነበበው በኋላ ዝም ካለ ሳጥኖቹን ቆርጠው ይለያዩአቸው፣ ቅደም ተከተላቸውንም እየለዋወጡ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ለሌላ ሰው ያሳዩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱን ሳጥን ማውጣት ብቻ ይበቃል።